የልጄ አርባ ደቂቃ

እኛ መሥሪያ ቤት «አርባዋ» የምትባል ነገር ነበረች። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ የጻፉትን ሁሉ ሰብስበው ለማሽኑ ይሰጡታል፤ ማሽኑም ልክ መሆን አለመሆኑን ሲመረምር አርባ ደቂቃ ይቆያል። እስኪጨርስ ማንም ሌላ ሥራ አያስነካውም፤ ከነኩት ምርመራው ይዛባል ይላሉ። ስለዚህ ሁሉም ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ወገቡን እየያዘ፣ እኔ ወዳለሁበት ወደ ሻይ ክፍሏ ይመጣል።

ሻዩን የማፈላው እኔ ነኝ። ወለሉንም የምወለውለው እኔው ነኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ እሱንም የተማርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ስለ ማሽኑ የምጽፈው ሁሉ ልጄ የነገረኝን ነው። ከተሳሳትኩ በደንብ ያላስረዳኝ እሱ ነው።

ልጄ እዚያው ቢሮ ነበር የሚሠራው። መጀመሪያ የተቀጠረ ቀን ሻይ ይዤ ስገባ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ አንተ፣ ሰው ያያል» አልኩት በሹክሹክታ።

«ይይ! እናቴ ናት!» አለ ጮክ ብሎ።

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ስኳር ባነሰ ቁጥር ተጠያቂው እሱ ሆነ።

አርባዋ ስትደርስ ሌሎቹ ቆመው ይጠጣሉ፤ እሱ ግን ከማጠቢያው አጠገብ ያለችውን የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ ይቀመጥባታል። እጀታዋ የተሰበረ ኩባያ ነበረችው፤ ይጣሏት ቢሉኝ አልጣልኳትም። እዚያ ተቀምጦ ነው አንድ ቀን ሥራቸውን ያስረዳኝ። የአውቶቡስ ወንበር በስልክ የሚሸጥ ፕሮግራም ነው የሚሠሩት።

«በውስጡ ብዙ ሠራተኞች አሉ እንበል፣ እማ» አለኝ። «ክር እንላቸዋለን። ሁሉም ባንድ ጊዜ ነው የሚሮጡት። አንዷን ወንበር ለሁለት ሰው እንዳይሸጧት መፈተን አለብን።»

«ታዲያ ይሄ አርባ ደቂቃ ይፈጃል?»

«ፈተናው አንዱን ክር "ሂድ ወንበር ሽጥ" ብሎ ይልከዋል። ክሩ መቼ እንደሚጨርስ ግን አያውቅም። ስለዚህ ለማንኛውም ብሎ አምስት ሰከንድ ቆሞ ይጠብቅና ሄዶ ያያል።»

«አምስት ሰከንድ ምን አላት?»

«ፈተናው እኮ ስንት መቶ ነው። ሁሉም በየተራው እየቆመ ይጠብቃል።»

«ማን ነው ቁሙ ያላቸው?»

«እኔ ነኛ» አለ እየሳቀ። «አብዛኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ድሮስ! ዳቦ ግዛ ብዬ ስልክህም እዚያው ቆመህ ነበር የምትቀረው» አልኩት።

አንድ ቀን አርባዋ ስትጀምር ብቅ ብሎ «እማ፣ ቻርጀሬ ተቃጥሏል፤ ከማዶ ሱቅ ገዝቼ መጣሁ። ሻዬን ቅጂልኝ» አለኝና ወጣ።

ቀዳሁለት።

የዚያን ቀን ሌሎቹ ዘግይተው ነው የመጡት፤ እንደ ወትሮው እየተንጫጩ ሳይሆን ባንድ ላይ፣ ጭጭ ብለው። ኃላፊያቸው አብሯቸው ነበር። ከልጄ ጎን የምትቀመጠው፣ እኔ ቀጭኗ የምላት ልጅ ነበረች። ምራት ትሆነኛለች ብዬ ዓይኔን ጥዬባት ነበር፤ እነሱ ግን ጓደኝነታቸው በልጦባቸው አልሰሙኝም። ሳቂታውም ነበር። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ያ ልጅ በር ሲንኳኳም ይስቃል።

እኔ የዚያን ቀን፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ደስ ብሎኛል።

«ያንን ልጄን አያችሁልኝ?» አልኳቸው እየቀዳሁ። «ሻይ ቅጂ ብሎኝ ሱቅ ገብቶ ቀረ። ባለሱቋ ቆንጆ ሳትሆን አትቀርም!»

ማንም አልሳቀም። ሳቂታውም አልሳቀም።

«ምነው? ፈተናው ወደቀ እንዴ?»

«አይ… እየሄደ ነው እትዬ» አለ ኃላፊው ኩባያውን እያየ።

ጠጡ። ቀጭኗ ትከሻዋን ሰብስባ ኩባያውን በሁለት እጇ ጨብጣለች። «ምን ሆነሽ ነው? ብርድ መታሽ?» ብዬ ሹራቤን አውልቄ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁላት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። እኔ ቀጠልኩ። ልጄ በልጅነቱ የፈጸመውን ጉድ ሁሉ አወራኋቸው፤ ሲናደድ አልጋ ሥር ገብቶ እንቅልፍ እንደሚወስደው፣ ለፎቶ ቁም ሲባል እንደሚያስነጥሰው። በመሃል በመሃል የሱን ኩባያ እየነካሁ «በረደ እኮ፣ ይሄ ልጅ» እላለሁ። የበረደውን ደፍቼ ሌላ ቀዳሁ።

ውስጥ ግድግዳው ላይ ባለው፣ የማሽኑ ሥራ በሚታይበት ትልቅ ሰሌዳ ላይ ፈተናው ሲያልቅ ነው ኃላፊው «እትዬ፣ እስቲ አንዴ ቢሮዬ ይምጡ» ያለኝ። ተቀመጡ አለኝ። ትንሽ አደጋ ደርሷል፣ ሆስፒታል እንሂድ አለኝ። ትንሽ ነው ያለኝ። እዚያ ስንደርስ ማንም አልነገረኝም። ኮሪደሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ሲያዩኝ መንገድ ሲለቁልኝ ነው የገባኝ።

መኪና ነው። ማዶ ሳይሻገር ነው የገጨው፤ ሱቁ ጋም አልደረሰም። የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ ደረቱ ላይ አግኝተው ወዲያው ነው ቢሮ የደወሉት። ይህን የነገረኝ ለቅሶ ሊደርሰኝ የመጣው የቢሮው ዘበኛ ነው። ስልኩ የተደወለው ለእነሱ ሻይ ከመቅዳቴ በፊት ነበር።

ሐዘኑ ሲያበቃ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እህቴ ጮኸችብኝ። «አብደሻል? ያን ሁሉ ጉድ እያወቁ ሻይ ሲያስቀዱሽ ለነበሩ ሰዎች ደግሞ ሻይ ልታፈይ?» አለችኝ። ግግም አልኩ። ግትር ናት ይሉኛል፤ ነኝም። የምሄድበትን ምክንያት ለእሷ አልነገርኳትም፣ ለማንም አልነገርኩም። እዚህ ልጻፈው።

ከሻይ ክፍሏ በመስታወቱ በኩል ሰሌዳው ይታያል። ፈተናው ሲጀመር መስመሮቹ ግራጫ ናቸው፤ ከዚያ አንድ በአንድ፣ ቀስ እያሉ፣ አረንጓዴ ይሆናሉ። አንዱ አረንጓዴ ሆኖ ሌላው እስኪቀጥል ትንሽ ይቆማል። ያቺ መቆም የልጄ ናት። እሱ ቁሙ ያላቸው ቦታ ነው የሚቆሙት፤ እሱ ጠብቁ ያላቸውን ያህል ነው የሚጠብቁት። ሰው ሞቶ ትእዛዙ እንዲህ ሲከበር አይቼ አላውቅም።

ሌላም አለ። የዚያን ቀን፣ በዚያች አርባ ደቂቃ፣ ለዓለም ሁሉ ሞቶ ለእኔ ብቻ በሕይወት ነበር። ስለዚህ በየቀኑ አርባዋ ስትጀምር እጀታ የሌላት ኩባያ ላይ እቀዳለሁ፣ ሣጥኗን እገለብጣለሁ፣ እቆማለሁ። ሰሌዳው እስኪያልቅ ድረስ ልጇ የሞተባት ሴት አይደለሁም። ልጇ የዘገየባት ሴት ነኝ። ሲያልቅ ሻዩ በርዷል፤ እደፋዋለሁ። እስከ ነገ።

በዚህ ላይ ሳለሁ ነው አንድ ጠዋት ከስብሰባቸው ኩባያ ስሰበስብ ኃላፊው «አርባዋን እንገድላታለን» ሲል የሰማሁት።

ትሪው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ ከዚያ ሁሉም ጠረጴዛውን አዩ። ዓይን መስበር ይችሉበታል።

ተከትዬው ቢሮው ገባሁ።

«አርባዋን ተዉልኝ» አልኩት።

«እትዬ፣ ሻዩ እኮ አይቀርም። የእርስዎም ሥራ አይነካም።»

«ስለ ሥራዬ ማን አነሳ?»

ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ልጆቹ አንዲት ነገር ብቻ ቢለውጡም አርባ ደቂቃ ቁጭ ይላሉ። አንዳንዴ ደግሞ ክሩ ይዘገያል፤ አምስቱ ሰከንድ አይበቃውም። ምንም ስህተት ሳይኖር ፈተናው ይወድቅና እንደገና ሌላ አርባ ደቂቃ ይሆናል።»

«ይጠብቁዋ! ምን የሚያስቸኩል አለ? አውቶቡሱ እንደሆነ ሁልጊዜ ያረፍዳል።»

ሊስቅ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ማን ፊት እንደሆነ ትዝ ሲለው ዋጠው። «ሥራውን የያዝኩት እኔ አይደለሁም» አለኝ። «እሷን ያነጋግሯት።» ቀጭኗን ማለቱ ነው። እሱ እንደሆነ ሁሌም ሌላ ሰው ያሳያል።

ከሰዓት በኋላ ቀጭኗ ራሷ መጣች። በሩ ላይ ቆመች። ሣጥኗ ባዶ ነበረች፤ አልተቀመጠችባትም።

«ይፈልጉኛል አሉኝ እትዬ።»

«ልጄን ልታጠፊው ነው አሉ።»

«እሱን አይደለም። መጠበቁን ነው።»

«እሱ ያስቀመጠው አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«እንዴት ነው የምታጠፊው?»

«አሁን ፈተናው የሚጠብቀው በግምት ነው» አለች ቃሏን እየመረጠች። «ክሩ ባንድ አፍታ ጨርሶ ሳለ እንኳ ይሄኛው ሳያውቅ አምስት ሰከንዱን ቆሞ ይጨርሳል። እኔ የማደርገው፣ ክሩ ሥራውን ሲጨርስ "ጨርሻለሁ" ብሎ እንዲናገር ነው። የሚጠብቀውም እሱን እንደሰማ ወዲያው ይቀጥላል። ሰዓት እስኪሞላ የሚጠብቁ ፈተናዎችም አሉ፤ ለእነሱ የራሳችንን ሰዓት ሠርተን በእጃችን እናዞራለን። እውነተኛው ሰዓት እስኪደርስ አንጠብቅም።»

«ወደ ኋላስ ይዞራል?»

«ወደ ፊት ብቻ ነው፣ እትዬ።»

ማጠቢያው ላይ የሌለ ቆሻሻ መፈተግ ጀመርኩ። «ልጄ ይህን ዘዴ አያውቅም ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

እጄ እንደ ረጠበ ዞርኩባት። «እያወቀ ነው የተወው? አየሽ! ለእኔ ብሎ ነው። ከእኔ ጋር የሚቀመጠው በዚህች ሰዓት ብቻ ስለሆነ ነው።»

ባዶዋን ሣጥን አየች።

«በይ እንጂ! ነው አይደል?»

«አልዋሽዎትም፣ እትዬ» አለች ድምጿ እየሰለለ። «ደጋግሞ ሞክሮ ነበር። ይሄን ሲያስተካክል ያ ይወድቅበታል። ከባድ ነው። በመጨረሻ ተናዶ ተወው። አርባዋን ይጠላት ነበር፤ ሥራዬን ትበላለች ይል ነበር።»

«ከእኔ ጋር መቀመጡንስ?»

«እሱን ይወደው ነበር። ግን ለእሱ ብሎ አይደለም የተወው።»

ብትዋሽልኝ ምን ትጎዳ ነበር? አንዲት ቃል ነው። «አዎ» ብትለኝ ዕድሜዬን ሙሉ እሷን ቃል እያሞቅኩ እኖር ነበር። ግን ደግሞ፣ ልጄ ከሞተ ጀምሮ ከዚያ ቢሮ ሰው ዓይኔን እያየ እውነት ሲነግረኝ የመጀመሪያው መሆኑም ታየኝ።

«የዚያን ቀን» አልኳት፣ «እናንተስ ማን ማንን ነበር የምትጠብቁት?»

ፊቷ አመድ መሰለ። የምለው ገብቷታል።

«ስልኩን ያነሳው ኃላፊው ነው» አለች። «እሱ ይነግርዎታል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ደግሞ እኔ ለእርስዎ ስለምቀርብ እኔ እንድጀምር ይጠብቃል። ሳቂታው እኔን ያያል፣ እኔ ኃላፊውን አያለሁ። ስንመጣ ልንነግርዎት ነበር የመጣነው። ግን እየሳቁ ነበር። ኩባያውን ሰጡን…»

«ጠጣችሁ።»

«ጠጣን።»

«ሹራቤን ለበስሽ።»

«ለበስኩ።» እንባዋ ወረደ። «አሁንም እኔ ጋ ነው። መመለስ አቃተኝ።»

አላቀፍኳትም። እዚህ ላይ አቅፌያት ተላቀስን ብዬ ብጽፍ ደስ ይል ነበር፤ አላደረግሁትም። ክችች ብዬ ቆምኩ። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ልትሄድ ስትል ነው የጠራኋት።

«ስሚ፣ አጥፊው። ሥራሽ ነው፣ አልከለክልሽም። ግን እኔ ሰሌዳውን አላይም። የመጨረሻዋን ጨርሰሽ ፈተናውን ስታስነሺው ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ። ሲያልቅ አንቺ ራስሽ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ። በአፍሽ። ኃላፊውን አትዪ፣ ሳቂታውን አትዪ፣ ሌላ ሰው እስኪጀምር አትጠብቂ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«ብስቅም ትነግሪኛለሽ።»

«ብትስቂም» አለች። አንቺ ስትለኝ ያኔ የመጀመሪያዋ ነው፤ ራሷም አላወቀችውም።

ባንድ ቀን አይደለም ያለቀው። ዛሬ ጥቂቱን ፈታች፣ ነገ ሌላውን፤ አንዳንዱ አስቸግሯት ጸጉሯን ስትነጭ አያታለሁ። አርባዋ አርባ መሆኗ ቀረ። ሠላሳ ሆነች፣ ከዚያም አነሰች፣ ስሟ ግን አልተለወጠም። ልጆቹ ሻያቸውን ግማሽ ላይ እየተዉ መሄድ ጀመሩ። እኔም ሣጥኗን ገልብጬ ገና ሳልጠግብ ሰሌዳው ያልቃል። ልጄ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቀድሞ ይሞትብኝ ጀመር። ባለሱቋን ሊያነጋግር ይቅርና ከደረጃው ሳይወርድ ይሞትብኛል።

እህቴ አንድ ቀን እራት ላይ «ምነው ከሳሽ?» አለችኝ። «ሥራ በዛ» አልኳት። ሥራው ግን እየቀነሰ ነበር።

የመጨረሻው ቀን መጣ። ቀጭኗ በጠዋት ደጃፌ ላይ ቆማ «ዛሬ ነው» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ከሰዓት በኋላ ማንም ከወንበሩ አልተነሳም። ሁሉም ከሰሌዳው ፊት ተኮለኮሉ፤ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ሳቂታው «ይወድቃል እላችኋለሁ፣ ይወድቃል!» እያለ ይስቃል። ድሮ ልጄ ነበር «አፍህን ዝጋ» የሚለው። ማንም አላለውም።

ለመስታወቱ ጀርባዬን ሰጠሁ። እጀታ የሌላትን ኩባያ አጥቤ አደረቅኋት። ሣጥኗን ገለበጥኩ። ማንቆርቆሪያውን አነሳሁ።

«በሉ፣ አስነሳሁት!» አለች ቀጭኗ ከውስጥ።

መቅዳት ጀመርኩ። ሱቅ ሄዷል፣ አልኩ በሆዴ። ቻርጀሩ ተቃጥሎበት ነው። አሁን ይመጣል። ባለሱቋ ቆንጆ…

ጭብጨባ ተነሳ። ወዲያው ደግሞ ባንዴ ቀጥ አለ፤ የሆነ ሰው እኔ መኖሬን አስታውሷቸዋል መሰለኝ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ያንን ጸጥታ አውቀዋለሁ። ሁሉም ሌላው እስኪጀምር የሚጠብቅበት ጸጥታ ነው። ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ደረቅሁ።

ወንበር ተንቋቋ። እርምጃ መጣ። ሩጫ የሚመስል እርምጃ ነው።

«እትዬ» አለች በሩ ላይ።

አልዞርኩም። ኩባያዋ ገና አልሞላችም ነበር።

«አለቀ» አለችኝ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ እትዬ። አለቀ።»

አሁን ዞርኩ። ሹራቤን ለብሳ ነበር። ዓይኖቿ እንደዚያን ቀን አላቀረቀሩም፤ እኔን ነው የሚያዩት። አልሸሸችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጥቶ እንዲነግረኝ ስጠብቀው የነበረው ሰው ይህ ነበር። ዘግይቶ መጣ እንጂ።

«እሺ» አልኳት። «ሰማሁ።»

ጎበዝ ልላት ፈልጌ ነበር፤ አላልኳትም። ሄደች። ውስጥ ጣቶች ፊደል መምታት ጀመሩ፤ ሥራ ቀጠለ። ማንም ሻይ ብሎ አልመጣም።

የልጄን ሻይ ሁልጊዜ የምደፋው በርዶ ነበር። የዚያን ቀን እንደሞቀ ደፋሁት። እንፋሎቱ ከማጠቢያው ተነስቶ ፊቴን መታኝ። ኩባያዋን አጠብኳት፣ ሣጥኗን ወደ ነበረችበት መለስኳት፤ ትሪዬን ይዤ ወደ ውስጥ ገባሁና በየጠረጴዛው እየዞርኩ ቀዳሁላቸው። ከልጄ ወንበር ስደርስ አለፍኩት።